ዝናም ነው ተብሎ ጉዞው ይቅር?

ማኅበራችን በየዓመቱ በኦክቶበር ወር መጨረሻ ከማንቸስተር በባቡር ወደ ገጠር ወጥቶ አንድ ቀን በእግር የሚጓዝበት ልማድ እንዳለው ለአባሎቻችን ሁሉ የታወቀ ነው። ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ ግን ይህ ጉዞ ከዘንድሮ ጀምሮ ይቅር የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ ውሳኔው ለሚመጣው ስብሰባ ተላልፏል። ሐሳቡን ያቀረቡት ወንድሞችና እኅቶች በቅን ልቡና እንደ ተናገሩ አንጠራጠርም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከአንድ ቀን ሽርሽር የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘነው፣ ድምፅ ከመሰጠቱ አስቀድሞ የበኩላችንን አስተያየት በዚህ ጋዜጣ ለማቅረብ ወደድን።

የቀረቡት ተቃውሞዎች አራት ናቸው። አንደኛው፣ ጉዞው ሁልጊዜ በዝናም ይበላሻል፤ ባለፉት ሦስት ዓመታት አንድም ጊዜ ሳንረጥብ አልተመለስንም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በእግር መሄድ ለአገራችን ሰው ችግር እንጂ መዝናኛ አይደለም፤ እናቶቻችን ውኃ ለመቅዳት፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለመድረስ ብዙ ሰዓት በሚጓዙበት ጊዜ እኛ ለደስታችን ብለን ጭቃ መርገጣችን ያሳፍራል የሚል ነው። ሦስተኛው፣ የዚህ አገር ገጠር የባለቤቶቹ ነው፤ በከተማ ለምደውናል፣ በገጠር ግን እንደ ባዕድ ያዩናል የሚል ነው። አራተኛው ደግሞ፣ ለባቡር የሚወጣው ገንዘብ ለአዳራሽ ኪራይና ለንግግር ዝግጅት ቢውል ይሻላል የሚል ነው።

ከእነዚህ ውስጥ አንዱንም ከንቱ ነው ብለን አንጥለውም። ነገር ግን አራቱም ተደምረው ጉዞውን ለማስቀረት የሚበቁ አይደሉም። እንዲያውም አንድ በአንድ ሲመረመሩ ጉዞው እንዲቀጥል የሚያስገድዱ ሆነው አግኝተናቸዋል።

ለአዳዲስ አባሎች ስለ ጉዞው ጥቂት መግለጽ ያስፈልጋል። የምንሳፈርበት ባቡር ከማንቸስተር ፒካዲሊ ተነሥቶ ወደ ሼፊልድ የሚያልፈው፣ የሆፕ ሸለቆ መሥመር የሚባለው ነው። በየትንንሹ ጣቢያ እየቆመ ሲሄድ እስከ ኤዴል ድረስ ሦስት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጃል። የቺንሊን ጣቢያ ካለፈ በኋላ ካውበርን የሚባል ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ ውስጥ ይገባል። ከዋሻው ሲወጣ የከተማው ነገር ሁሉ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ሰፊ አረንጓዴ ሸለቆ፣ የድንጋይ ካብ፣ በግና ጉም ብቻ ይታያል። ይህ መሥመር ለመንገደኛ የተከፈተው በ1894 ነው (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በዚያው ዓመት ዐፄ ምኒልክ ለስዊሳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የጅቡቲውን የምድር ባቡር ለመሥራት ፈቃድ ሰጥተው ነበር፤ ያ ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው ግን በ1917 ነው።

ከኤዴል የምንሄድበት መንገድ ሆሊንስ ክሮስ በሚባለው የተራራ አንገት ተሻግሮ ወደ ካስልተን መንደር ይወርድና በሆፕ ባቡር ጣቢያ ያበቃል። ይህ መንገድ ለሽርሽር ተብሎ የወጣ አይደለም። ኤዴል የራሷ ቤተ ክርስቲያን ባልነበራት ዘመን፣ ይኸውም እስከ 17ኛው መቶ ዓመት ድረስ፣ የመንደሩ ሰዎች ሬሳቸውን ተሸክመው በዚህ አንገት ላይ ወደ ካስልተን ይሻገሩ ነበር። ኋላም በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በኤዴል የጥጥ ፋብሪካ በተቋቋመ ጊዜ፣ ከካስልተን የሚመጡ ሴቶች ሠራተኞች በዚሁ መንገድ ይመላለሱ ነበር። እንግዲህ መንገዱን የጠረገው ቃሬዛ የተሸከመ ሰውና የዕለት እንጀራውን ፍለጋ የሚማስን ሰው ነው። በእግር መሄድ መከራ መሆኑን የምናውቅ እኛ ብቻ አለመሆናችንን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በዚህ አገር የእግር ጉዞ የጌቶች ጨዋታ ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ታሪኩን ቢመረምር መልካም ነው። ጌቶቹ የሚሄዱት በፈረስና በሠረገላ ነበር። በእግር መጓዝን የእሑድ ልማድ ያደረገው ሳምንቱን ሙሉ ከመኪና ሥር ቆሞ ጢስ ሲውጥ የሚሰነብተው የማንቸስተርና የሼፊልድ ሠራተኛ ነው። ይህ ሠራተኛ እሑድ ጧት በርካሽ ቲኬት በባቡር ወጥቶ ማታ ይመለስ ነበር። ነገር ግን ከባቡር ጣቢያው ወርዶ ቀና ሲል የሚያየው ተራራ አብዛኛው የተዘጋ ነበር። ከኤዴል በላይ የሚታየው ኪንደር ስካውት የተባለው 636 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ በመኳንንት እጅ ተይዞ፣ በዓመት ጥቂት ቀን ለሚደረግ የወፍ አደን ሲባል ዓመቱን ሙሉ በጠባቂዎች ይጠበቅ ነበር።

ኤፕሪል 24 ቀን 1932 እሑድ ዕለት 400 የሚሆኑ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ከማንቸስተር የመጡ ሠራተኞችና ሥራ ያጡ ሰዎች፣ ከተራራው በስተ ምዕራብ ካለው ከሄይፊልድ መንደር ተነሥተው ያለ ፈቃድ ወደ ኪንደር ወጡ። ሌሎች ጥቂቶች ደግሞ ከሼፊልድ ተነሥተው በኤዴል በኩል ወጡ። በሄይፊልድ በኩል የነበሩትን ያስተባበረው ቤኒ ሮትማን የሚባል ወጣት ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ዕድሜው 20 ዓመት ነበር። ወሬውን ለጋዜጦች የማሠራጨት ሥራ የተሰጠው፣ ኋላ ኢዋን ማኮል ተብሎ በዘፋኝነት የታወቀው ልጅ ደግሞ ገና 17 ዓመቱ ነበር። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ፤ ስድስት ወጣቶች ተያዙ፤ በሐምሌ ወር በደርቢ ከተማ ለፍርድ ቀርበው አምስቱ ከሁለት እስከ ስድስት ወር በሚደርስ እሥራት ተቀጡ። ሮትማን የተፈረደበት አራት ወር ነው። ፍርዱ ግን ሕዝቡን አስቆጣው እንጂ አላስፈራውም። በዚያው ዓመት በካስልተን አጠገብ በዊናትስ ሸለቆ በተደረገው የእግረኞች ስብሰባ 10 ሺህ የሚያህል ሰው እንደ ተገኘ ይነገራል።

እነዚህ ወጣቶች፣ አባቶቻችን ወደ ፋብሪካ የሄዱት በእግር ስለ ሆነ በእግር መሄድ ያሳፍረናል አላሉም። ሰኞ ተገደን የምንሄደውን እሑድ ወደን እንሂድ አሉ እንጂ። ተገዶ የሚሄድና ወዶ የሚሄድ ሰው እግራቸው አንድ ዓይነት ነው፤ መብታቸው ግን አንድ አይደለም። ስለዚህ የእናቶቻችን ድካም የሚያሳስበን ከሆነ፣ እነርሱን የሚጠቅማቸው እኛ ከመንገድ መቅረታችን ሳይሆን ውኃው ወደ ደጃቸው መቅረቡ ነው። ማሰሮ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን እንደ ሆነ ደግሞ በሞቀ ክፍል ተቀምጦ ከሚያዝነው ይልቅ፣ ደረቱ እስኪያፍን ዳገት የወጣ ተማሪ ሳይሻል አይቀርም።

በዚህ ረገድ ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የተዉልን ምሳሌ አለ። በ1964 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች የአገልግሎት ደንብ ወጥቶ፣ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት ያህል በየጠቅላይ ግዛቱ እየሄዱ በማስተማርና በሌላም ሥራ እንዲያገለግሉ ተደረገ። በፌብሩዋሪ 1965 ተማሪዎች ወደ ፓርላማ እየተመሙ «መሬት ላራሹ» ብለው ጮኹ። ያ ትውልድ ስለ ገበሬ ከመጽሐፍ ብቻ ያነበበ አልነበረም፤ በገበሬው ጎጆ ያደረ፣ በክረምት ጭቃ የተጓዘ ብዙ ነበረበት። ስለ ገበሬ በአዳራሽ የተናገረና ከገበሬ ጋር ጭቃ የረገጠ ሰው አንድ ዓይነት ንግግር አያደርጉም።

ወደ ሦስተኛው ተቃውሞ እንለፍ። ገጠሩ የእኛ አይደለም የሚለው አነጋገር ከልብ የመጣ መሆኑን እናውቃለን። ባለፈው ዓመት ካስልተን ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን አንድ ሰው ከበሩ ላይ ቆሞ «ጠፍታችኋል ወይ?» ብሎ ጠይቆናል። መንገድ ሊያሳየን ፈልጎ እንዳልሆነ ከድምፁ የሚታወቅ ነበር። ከመካከላችን አንዲት እኅት ካርታውን ዘርግታ የሕዝብ የእግር መንገድ የሚያልፍበትን አረንጓዴ ነጠብጣብ አሳየችው፤ እርሱም ዝም ብሎ ገባ። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ ደግሞ ሁለት ባልና ሚስት ሽማግሎች አገኘን፤ የሚቀጥለው ሜዳ ውኃ ስለ ሞላው በካቡ ጥግ እንድንሄድ መክረውን አለፉ። የመጀመሪያው ሰው ሲነገር ሁለተኞቹ የማይነገሩት ለምን እንደ ሆነ አይገባንም።

ከሰው ፊት ይልቅ ሕጉን ማየት ይሻላል። በ1949 የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ ወጣ። በ1951 ይኸው የምንሄድበት የፒክ አውራጃ የእንግሊዝ አገር የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ሰዎች በታሠሩበት ቀን መታሰቢያ፣ ኤፕሪል 24 ቀን 1965፣ ከኤዴል ተነሥቶ እስከ ስኮትላንድ ወሰን የሚደርሰው 430 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ፔናይን ዌይ የተባለው የእግር መንገድ ተከፈተ። በ2000 የወጣው ሕግ ደግሞ በካርታ ተለይቶ በተመለከተው ተራራና ባዶ ምድር ላይ ማንም እግረኛ ከመንገድ ወጥቶም ቢሆን እንዲዘዋወር ፈቀደ። በእንግሊዝና በዌልስ ለሕዝብ መተላለፊያ የተመዘገበው መንገድ ወደ 225 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የተጻፈው መብት የእግረኛ መብት ነው እንጂ የአገር ተወላጅ መብት አይደለም። ፓስፖርቱ ምንም ዓይነት ይሁን፣ በሁለት እግሩ የቆመ ሰው ሁሉ ባለ መብት ነው።

ይህን ስንል ነገሩን ከመጠን በላይ ከፍ አናደርገውም። በ2000 ሕግ የተከፈተው መሬት ከእንግሊዝ ምድር ከመቶ 8 ያህሉ ብቻ ነው። መሬቱም የባለመሬቱ እንደ ሆነ ቀርቷል፤ ለሕዝብ የተሰጠው ማለፍ ነው። ያም ሆኖ ይህ ማለፍ በስጦታ የተገኘ አይደለም፤ በዕድሜ እኩዮቻችን የሆኑ ልጆች ታሥረውበታል። በ2002 የዚያ ጉዞ 70ኛ ዓመት ሲከበር የዴቮንሻየር መስፍን በአያታቸው ዘመን ስለ ተደረገው ነገር በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። መስፍን ይቅርታ የጠየቀበትን መንገድ እኛ አፍረን የምንተወው ለምንድር ነው?

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ያልተረገጠ መንገድ ሣር ይበላዋል፤ ሰው ያልተሳፈረበት ባቡርም ይቀራል። በ1963 በብሪታንያ የምድር ባቡር ላይ በቀረበው የዶክተር ቢቺንግ ሪፖርት ይህ የሆፕ ሸለቆ መሥመር ለመንገደኛ እንዲዘጋ ታስቦ ነበር። ከሞት የተረፈው ከብዙ ተቃውሞ በኋላ ነው። ሮትማንና ጓደኞቹ የተነሡባት የሄይፊልድ መንደር ግን አልቀናትም፤ ሠራተኛውን በየእሑዱ ያመላልስ የነበረው ሐዲዷ በ1970 ተዘግቶ ተነሥቷል። ዛሬ ሐዲዱ በነበረበት ላይ ሰዎች በእግር ይሄዱበታል። ወደዚያ መሄድ የሚፈልግ፣ መኪና የሌለው ተማሪ አውቶቡስ መጠበቅ ነው ዕድሉ። እኛ አብዛኞቻችን መኪና የለንም። ባቡርና መንገድ የድኻ ንብረት መሆናቸውን ከእኛ ይበልጥ ማን ሊያውቅ ይችላል?

አራተኛው ተቃውሞ ስለ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ለአዳራሽ ይዋል ለሚሉት መልስ ከመስጠታችን በፊት አዳራሹ ምን እንደሚመስል ሳናፍር መናገር አለብን። በኖቬምበር 2020 በአገራችን ሰሜን ጦርነት ከተጀመረ ወዲህ የማኅበራችን ስብሰባ እንደ ቀድሞው አይደለም። በፊት ወንበር እንደ ተገኘ የሚቀመጥ የነበረው ሰው ቦታ መምረጥ ጀመረ። ከሟች ቤተሰብ ጋር ያለቀሰና ያላለቀሰ ተቆጠረ። አንዳንዶች ንግግር ሲጀመር ተነሥተው ወጡ፤ ሌሎች ከዚያ ወዲያ አልመጡም። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቢፈረምም ያ ቁስል አልጠገገም፤ በ2023 ደግሞ በሌላው የአገራችን ክፍል ሌላ ጦርነት ተነሥቶ አዲስ መለያየት ጨመረበት። አሁን በአዳራሹ አንድ ሰው ንግግር ሊያደርግ ሲነሣ፣ ምን ሊል ነው ከመባሉ አስቀድሞ የማን ወገን ነው ይባላል።

መለያየት ወዴት እንደሚያደርስ ከታሪክ የምናውቀው ነው። ከላይ ያነሣነው የተማሪዎች ትውልድ በአንድ መኝታ ቤት አድሮ፣ በአንድ ገበታ በልቶ፣ በአንድ መፈክር ጮኾ ነበር። በ1970ዎቹ ግን በፓርቲና በቃላት ተለያይቶ እርስ በርሱ ተገዳደለ፤ የተረፈውንም መንግሥት ፈጀው። እኛ ያን ያህል እንደርሳለን አንልም። ነገር ግን ሰው ከጓደኛው ጋር መነጋገር ያቆመበት ቀን ትንሽ ቀን አይደለም።

እንግዲህ በጉዞው ላይ የሆነውን እንናገር። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ከሁለት ሰው በላይ ጎን ለጎን አያስኬድም። በየካቡ ላይ ደግሞ መሻገሪያ ደረጃ አለ፤ እዚያ ሲደረስ ሁሉም በተራ ስለሚሻገር ተከታትሎ የነበረው ሰልፍ ይፈርስና አዲስ ጥንድ ይሠራል። በአዳራሽ ወንበር የሚመርጥ ሰው እዚህ ጎረቤቱን ሊመርጥ አይችልም። ዝናም ከሆነማ ሁሉም ኮፍያውን አጥልቆ አንገቱን ደፍቶ ስለሚሄድ፣ ከጎኑ ያለው ማን እንደ ሆነ የሚያውቀው ድምፁን ሲሰማ ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ የሚነገረው የወገን ነገር አይደለም፤ «እዚህ ጋ ያዳልጣል»፣ «ያንን ድንጋይ ረግጠህ እለፍ»፣ «እጅሽን ስጪኝ» ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ከሆሊንስ ክሮስ ስንወርድ ዝናሙ በረታና ቁልቁለቱ ሳሙና ሆነ። ከመካከላችን አንዱ አዳልጦት ወደ ጎን ሲወድቅ፣ ክንዱን ይዞ ያስቀረው ከእርሱ ጋር ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ያልተለዋወጠ ሰው ነበር። ማንነቱን ያወቀው ቀና ካለ በኋላ ነው። ጥቂት ዝም ብለው ቆሙ፤ ከዚያ የወደቀው ሰው ከቦርሳው የቡና ፔርሙዝ አውጥቶ በክዳኑ ቀዳለት። ታረቁ ብለን አንዋሽም። በሚቀጥለው ስብሰባ በየበፊቱ ቦታቸው ተቀምጠዋል፤ ክርክራቸውም እንደ ቀጠለ ነው። ነገር ግን ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው ጠይቆታል። ሰላምታ ትንሽ ነገር ነው የሚል ሰው ሰላምታ ተነፍጎ የማያውቅ ሰው ነው። ማኅበሩ ለአዳራሽ ያወጣው ገንዘብ ሁሉ ይህን ማድረግ አልቻለም።

ይህም ወደ መጀመሪያው ተቃውሞ፣ ወደ ዝናሙ፣ ይመልሰናል። ዝናም የለበትም የሚባል ቀን ይጠበቅ ቢባል በዚህ አገር የሚገኘው መቼ ነው? በዚያ ላይ እኛ ዝናም ሲዘገይ ሰማይ ሰማይ እያየ ምሕላ የሚይዝ ሕዝብ ልጆች ነን። አባቶቻችን ዝናም መጣ ብለው ከእርሻ አይቀሩም፤ ዝናም ስለ መጣ ነው የሚወጡት። ከዚህም በላይ ደረቅ ቀንና ርጥብ ቀን አይተን አወዳድረናል። የዛሬ አራት ዓመት ፀሐይ በወጣችልን ጊዜ ሁሉም ከየወዳጁ ጋር በየሣሩ ላይ ተበታትኖ ፎቶግራፍ ሲነሣ ዋለ፤ አዲስ የመጡት ተማሪዎች ብቻቸውን እንደ ሄዱ ብቻቸውን ተመለሱ። በዝናሙ ዓመት ግን ከአንድ ካብ ጥግ 20 ሰው ተጠጋግቶ ቆሎ ተሻማ። የዶክተርነት ማዕርግ ሊቀበል አንድ ወር የቀረው ሰውና ባለፈው ሳምንት ከአውሮፕላን የወረደች ልጅ በአንድ ላስቲክ ሥር ቆመዋል። በዚያ ሰዓት ማን አንጋፋ ማን አዲስ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም ነበር፤ ሁሉም እኩል ረጥቧል።

ነገር ግን ዝናምን አለመፍራት ዝናምን መናቅ እንዳይሆን እናስጠነቅቃለን። በማርች 1964 በዚሁ በፒክ አውራጃ በተደረገ የረጅም ርቀት የእግር ጉዞ ላይ ሦስት ወጣት እስካውቶች በዝናምና በብርድ ተመትተው ሞተዋል። ከዚያ በኋላ ነው በአውራጃው ያሉት የተራራ ነፍስ አዳኝ ጓዶች በአንድ ድርጅት ሥር የተባበሩት። እርጥብ ልብስና ነፋስ ሲገናኙ በበጋም ቢሆን ሰው ይገድላሉ። ስለዚህ ጉዞው ይቀጥል ስንል ዝም ብሎ ይቀጥል አንልም፤ የሚከተሉት አምስት ነገሮች ውሳኔ ሆነው በማኅበሩ መዝገብ እንዲገቡ እናሳስባለን።

አንደኛ፣ ለተራራው የሚነገረውን የአየር ጠባይ አስቀድሞ የሚያይ ሁለት ሰው ይመረጥ። ተራ ዝናም ከሆነ ጉዞው አይቅር፤ የማዕበል ማስጠንቀቂያ ከወጣ ግን ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይተላለፍ፤ አይሰረዝ። ሁለተኛ፣ ማኅበሩ የጫማና የዝናም ልብስ የጋራ ሣጥን ያቋቁም። ተመርቀው ወደ አገር የሚመለሱ አባሎች የማያስፈልጋቸውን ጫማና ካቦርት ይተዉልን። ባለፈው ዓመት ሁለት አዲስ ተማሪዎች በሸራ ጫማ መጥተው እግራቸው እስኪደነዝዝ ሄደዋል፤ ይህ ሊደገም አይገባም። ሦስተኛ፣ ከሁሉ ይልቅ ቀስ የሚለው ሰው ከፊት ይሂድ፤ ጠንካራው ከኋላ ይሁን። ጠንካራው ከፊት ሲሄድ የሚደርሰው ጉዞው ሳይሆን ራሱ ብቻ ነው።

አራተኛ፣ በየሸለቆው ስልክ ስለማይሠራ የወረቀት ካርታና ኮምፓስ ይያዝ፤ ማንበብም የሚያውቁት ለማያውቁት ያስተምሩ። ከሆፕ ወደ ማንቸስተር የሚመለሰው ባቡር ሰዓትም ለእያንዳንዱ ሰው በወረቀት ተጽፎ ይሰጥ። አምስተኛ፣ ስንቁ የጋራ ይሁን። ሥጋ ከመጣ የክርስቲያንና የእስላም ተብሎ እንደሚለይ የታወቀ ነው። ቆሎና ድፎ ዳቦ ግን ሁሉም ከአንድ እፍኝ የሚበላው ነው፤ ጿሚም አይከለከለውም። ወጪውም አነስተኛ ነው።

ለገንዘቡ ጉዳይ ደግሞ ቁርጥ ያለ ሐሳብ አለን። ማኅበሩ ለዓመቱ ካቀዳቸው የአዳራሽ ስብሰባዎች አንዱን ቢቀንስ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ የባቡር ቲኬት ሊገዛላቸው ይችላል። የቀሩት አባሎች እንደ እስከ ዛሬው ከየኪሳቸው ይከፍላሉ። ከስብሰባዎቹ አንዱ ቢቀር ማንም የሚጎዳ አይመስለንም፤ ንግግር አድራጊዎቹም ንግግራቸውን በመንገድ ላይ ሊያደርጉት ይችላሉ። ዳገት ላይ የሚደረግ ንግግር አጭር መሆኑ የተረጋገጠ ነው።

ውድ አባሎች ሆይ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ ይህ ጉዞ ለጥቂት አዘጋጆች ከተተወ ሸክም ሆኖ ይቀራል። በሚመጣው ስብሰባ በቁጥር በርከት ብለን ተገኝተን ድምፃችንን ለጉዞው እንስጥ። በተለይ ከስብሰባ የቀራችሁ፣ በአዳራሹ ውስጥ ቦታ ያጣችሁ የመሰላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ለአዳራሹ ባትመጡ እንኳ ለባቡሩ ኑልን። ውሳኔው ከጸደቀ የምንነሣው በኦክቶበር ወር በመጨረሻው ቅዳሜ ነው። የምንገናኘው ከጧቱ በ2 ሰዓት ተኩል በፒካዲሊ ጣቢያ በትልቁ የሰዓት ሰሌዳ ሥር ይሆናል። የዝናም ልብስ የሌለው ከሦስት ቀን በፊት ለጸሐፊው ያስታውቅ።